ርካሹ የውጭ መደብርና የጎረቤት ሱቅ



ዛሬ የምንጽፈው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ የነጋዴዎችና የመንግሥት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በየቤታችን ጓዳ ላይ ስለ ሆነ፥ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስፍራ ይገባዋል ብለን አሰብን። ነገሩም ይህ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ዕቃውን ከሌላው ሁሉ አርክሶ የሚሸጥ ታላቅ ቸርቻሪ፥ በእኛ ሀገር መደብር ቢከፍት ይቀናዋልን? ቢቀናውስ ማንን ይጠቅማል፥ ማንንስ ይጎዳል?

ይህ ጥያቄ የሥራ ፈት ወሬ አይደለም። የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ባለፉት ብዙ ዓመታት በኢንቨስትመንት ሕግ ለሀገር ተወላጆች ተጠብቆ መኖሩ የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ቍጥር 1001/2016 ለተወላጅ ብቻ ተከልሎ የነበረው የጅምላ፥ የችርቻሮና የአስመጪነት ንግድ፥ ከጥቂት ነገሮች በቀር፥ በወሰን በወሰኑ ለውጭ ባለ ገንዘቦች ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል፤ የሚገባው ማን እንደ ሆነና ገብቶም እንዴት እንደሚኖር መመርመር የእኛ ፈንታ ነው።

አስቀድሞ ይህ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ ርካሽነቱን ከየት እንደሚያመጣው ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ርካሽ ዕቃ ሁሉ ብላሽ ዕቃ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በጀርመን ሀገር አልዲ የሚባለው ቤት የተነሣው በኤሰን ከተማ ከነበረች ከአንዲት እናት ትንሽ ሱቅ ነው። ካርልና ቴዎ አልብሬኽት የሚባሉ ሁለት ልጆቿ ሱቁን ተረክበው ያሰፉት በአንድ ቀላል ዘዴ ነበር። ታላላቅ መደብሮች ብዙ አሥር ሺህ ዓይነት ዕቃ ሲደረድሩ እነርሱ ጥቂት መቶ ዓይነት ብቻ ያዙ። ዕቃውን በመጣበት ካርቶን ውስጥ እንዳለ አቆሙት እንጂ ለማሳመር አልደከሙም። ሠራተኛ አላበዙም፤ ቤቱንም አላስጌጡም። ከአንድ ዓይነት ዕቃ እጅግ ብዙ ስለሚገዙም ከአምራቹ ዘንድ ዋጋ ማስቀነስ ቻሉ። በአንዱ ዕቃ ላይ የሚያገኙት ትርፍ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለስ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል። እንግዲህ የርካሽ መደብር ምሥጢሩ ሦስት ነው፤ ጥቂት ዓይነት፥ ብዙ ግዢ፥ ፈጣን ሽያጭ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ርካሽነቱ አብሮ ይጎድላል።

ይህ ዘዴ ከተወለደበት ሀገር ወጥቶ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ ተሳክቷል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወድቋል። የተሳካበትን አስቀድመን እንናገር፤ ዓመቱንም በፈረንጆች አቈጣጠር እንሰጣለን። ጄሮኒሞ ማርቲንሽ የሚባለው የፖርቱጋል የንግድ ቤት በ1997 በፖላንድ ቢየድሮንካ የሚባለውን የርካሽ መደብር ገዛ። ፖላንድ በዚያን ጊዜ ከኮሚኒስት አገዛዝ ከወጣች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር፤ የሕዝቡም ገቢ ዝቅተኛ ነበር። ዛሬ ይህ መደብር በዚያች ሀገር ከ3,000 የሚበልጥ ሱቅ አለው፤ በችርቻሮም ንግድ ቀዳሚ ሆኗል። የሠራበትም መንገድ ይህ ነው፤ ሱቆቹን በየትንሹ ከተማና በየሰፈሩ ተከለ፤ የሚሸጠውንም ምግብ አብዛኛውን ከዚያው ከፖላንድ ገበሬና ፋብሪካ ገዛ። እንዲሁም ቢም የሚባለው የቱርክ የርካሽ ሱቅ በ1995 የጀርመኑን ዘዴ ተምሮ በሀገሩ ከተቋቋመ በኋላ፥ በ2009 ወደ ሞሮኮ፥ በ2013 ወደ ግብጽ ተሻገረ። እርሱም እንደዚያው ታላቅ አዳራሽ ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ሱቅ መክፈትን መረጠ።

የወደቀበትን ደግሞ እንይ። ከዓለም ነጋዴዎች ሁሉ ትልቁ ዋልማርት የሚባለው የአሜሪካ ቤት በ1997 ወደ ጀርመን ገብቶ በ2006 ሱቆቹን ሸጦ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ከደቡብ ኮሪያም ለቀቀ። ኃይልና ገንዘብ አልጎደለውም፤ የጎደለው የሀገሩን ልማድ ማወቅ ነበር። ወደ አፍሪካችን ስንመለስ፥ ሾፕራይት የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ቤት በ2005 በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ መደብር ከፈተ። ሕዝቡ ወደደው፤ ገበያውም ሞላ። ነገር ግን የሚሰበስበው ናይራ፥ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣበት ዶላር ነበር፤ ናይራ በወደቀ ጊዜ ሁሉ ትርፉ አብሮ ወደቀ። በ2021 ድርሻውን ለናይጄሪያ ባለ ገንዘቦች ሸጦ ወጣ። በኬንያም በ2018 ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ለቀቀ። በአንጻሩ ካርፉር የሚባለው መደብር በ2016 ኬንያ ገብቶ ሥር ሰደደ።

ከዚህ የምንረዳው፥ የነጋዴው መክበርም ሆነ መውደቅ በሀብቱ ብዛት አለመወሰኑን ነው። ከሕዝቡ ሰፈር የቀረበ፥ ከሀገሩ አምራች የገዛ፥ በሀገሩ ገንዘብ ገዝቶ በሀገሩ ገንዘብ የሸጠ ጸንቷል፤ ከሩቅ እያስመጣ በሩቅ ገንዘብ ዕዳ የገባ ተናውጧል።

ይህን ትምህርት ለመማር ግን ወደ ፖላንድና ወደ ሌጎስ መሄድ ባላስፈለገን ነበር፤ የራሳችን ሀገር ታሪክ ይበቃናል። ካለፈው መቶ ዓመት መግቢያ ጀምሮ መሐመድ አሊ የሚባለው የሕንድ ነጋዴዎች ቤት በሐረርና በአዲስ አበባ ሰፊ ንግድ ነበረው፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ግን ከሀገር እንዲወጣ ተደረገ። አንቶናን ቤስ የሚባለው ፈረንሳዊም ከዓደን ተነሥቶ በኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ እየገዛ የውጭ ዕቃ እየሸጠ እጅግ ከበረ። ይህ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ከሀብቱ ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጥቶ የቅዱስ አንቶኒ ኮሌጅ ተመሠረተ። የመልካም ሥራውን ዋጋ አንነሣውም፤ ነገር ግን የቡናችንና የቆዳችን ትርፍ ኮሌጅ የሠራው በሌላ ሀገር መሆኑን ልብ ማለት ለወደፊቱ ይጠቅማል።

ሆኖም ከውጭ መጥተው በችርቻሮ ንግድ በእውነት የተሳካላቸው ከነዚህ ታላላቆች ይልቅ ታናናሾቹ ነበሩ። እነርሱም ከየመን የመጡት ባለ ሱቆች ናቸው። የዐረብ ሱቅ ያልነበረበት የሀገራችን ከተማ ጥቂት ነበር። ዐረቡ ባለ ሱቅ ከሱቁ ጓዳ ያድራል፤ ንጋት ሳይወጣ ይከፍታል፤ ሌሊት ሲገባ ይዘጋል። ቋንቋችንን ተናገረ፤ ከሀገራችን ልጅ አግብቶ ወለደ። ጨው በጭብጥ፥ ላምባ በጠርሙስ፥ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ለሳንቲም ሸጠ። ለሚያውቀው ሰው ደግሞ በዱቤ ሰጠ። ትርፉ በአንዱ ዕቃ ጥቂት፥ በብዙው ብዙ ነበር። ይህ ሰው ከጀርመኑ ነጋዴ ዘዴ ሳይማር ጥቂት ዓይነት፥ ጥቂት ወጪ፥ ፈጣን ሽያጭ የሚለውን አውቆ ነበር ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ግን ጀርመኑ የሌለውን ሁለት ነገር ጨመረ፤ ይኸውም ትንሽ መስፈሪያና እምነት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የውጭ የንግድ ቤቶች ሲወረሱ ብዙዎቹ ዐረቦች ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ሱቁን የተረከቡት ጉራጌዎችና ሌሎችም የሀገር ልጆች ናቸው፤ እነርሱም ያንኑ አያያዝ ጠብቀው እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። መንግሥትም በየዘመኑ በዚህ ነገር እጁን አስገብቷል። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘይትና ስኳር በተወሰነ ዋጋ ሸጡ። በ2003 ዓ.ም. በብዙ ዕቃ ላይ የዋጋ ጣሪያ ተቈርጦ ነበር፤ ዕቃው ከገበያ በመጥፋቱ ግን ወራት ሳይቆይ አብዛኛው ተነሣ። ከዚያም በኋላ አለ በጅምላ የሚባል የመንግሥት መደብር ተቋቁሞ ዕቃ በብዛት ገዝቶ በቅናሽ ማከፋፈል ጀመረ። እንግዲህ በርካሽ መሸጥን የተመኘ ብዙ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በየሰፈሩ የጸናው ግን ያ ትንሹ ሱቅ ብቻ ነው። ለምን ጸና?

መልሱን ለማግኘት ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ሹም አቦ ሰፈር እንሂድ። በዚህ ሰፈር አንድ ቤት የወር ወጪውን እንዴት እንደሚያደርግ እናስብ። የቤቱ ትልቁ ወጪ እህል ነው። ጤፉ የሚገዛው በኩንታል ወይም በኪሎ ከእህል ነጋዴ ነው፤ በቤት ተበጥሮና ተነፍቶ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በርበሬው በቤት ተቀንጥሶ ይደለዛል፤ ሽሮውም በቤት ይሰናዳል። ሽንኩርቱና ጎመኑ ከጉሊት ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ይቆማል፤ ከዘጌና ከሐይቁ ዳር ከሚገኙት ሀገሮች እንጨቱም፥ ቡናውም፥ ፍሬውም በታንኳና በጀልባ ሲመጣ ኖሯል። እንግዲህ ለመደርደሪያው የሚቀረው ምንድን ነው? ዘይት፥ ስኳር፥ ጨው፥ ሳሙና፥ ፓስታ፥ ሻማና ክብሪት፥ ይህን የመሰለው ብቻ ነው። የፈረንጁ ርካሽ መደብር በሀገሩ የሰውን ጓዳ በሙሉ ይሞላል፤ በእኛ ሀገር ግን የጓዳውን ጥቂቱን ክፍል ብቻ ያገኛል።

በዚህ ላይ ጾም አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከዓመቱ ቀን ከ180 የሚበልጠው የጾም ቀን ነው፤ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ቅቤ፥ ወተት፥ እንቍላልና ሥጋ የሚገዛ ያንሳል፤ ማቀዝቀዣው ግን መብራት መብላቱን አይተውም። ይህን የቀን መቍጠሪያ ያልተማረ ነጋዴ፥ ፈጣን ሽያጭ የሚለው ሦስተኛው ምሥጢር ከእጁ ያመልጠዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘብ አወጣጥ ነገር ነው። ርካሽ መደብር ርካሽነቱን የሚሰጠው በእጅ ገንዘብ ይዞ፥ በአንድ ጊዜ ብዙ ለሚገዛ ሰው ነው። አምስት ሊትር ዘይት የሚገዛ ሰው በሊትር ሲታሰብ ያተርፋል፤ በሲኒ እየተለካ የሚገዛ ሰው ግን ለዚያው ዘይት የበለጠ ይከፍላል። ድኻው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የአምስት ሊትሩ ዋጋ በአንድ ቀን በእጁ ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ የቀን ሠራተኛዋም፥ ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ በፊት የሚያልቅበት ጸሓፊም፥ በዱቤ ደብተር ላይ ስማቸውን እያስጻፉ ይኖራሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህም ይሠራል፤ ባለ ሱቁ ሰውየውን፥ ልጆቹን፥ የደመወዙን ቀን ያውቃል። ታላቁ መደብር ግን በዕውቂያ ዱቤ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ክቡራን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ባለ ሱቁ ለድኻ በዱቤ መስጠት የሚችለው ለምንድን ነው? ሌሎች ደንበኞቹ፥ ይኸውም ደመወዝ የሚበቃቸው ሹማምንትና ባለ ሀብቶች፥ በእጅ ገንዘብ ስለሚገዙት ነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ ዕቃ ያመጣል፤ የዱቤውንም ገንዘብ ይጠብቃል። እንግዲህ የውጭ ርካሽ መደብር በከተማው ታላቅ ጎዳና ቢከፈት፥ መጀመሪያ ወደዚያ የምንሄደው እኛው ነን፤ መኪና ያለን፥ የወር ዕቃ በአንድ ቀን ለመግዛት የምንችለው ነን። እኛ ስንሄድ ለሰፈሩ ሱቅ የሚቀሩት የዱቤ ደንበኞች ብቻ ይሆናሉ። በዱቤ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ ዕቃ የሚመልስበት ገንዘብ ስለማይኖረው ዓመት አይሞላም። ሱቁ ሲዘጋ እኛ ርካሽ ዘይት አግኝተናል፤ የጎረቤታችን ቤት ግን የወሩን መጨረሻ የሚሻገርበትን ድልድይ አጥቷል። የዚህ ጉዳይ ከባዱ ጕዳት ይህ ነው፤ በማንም የንግድ መዝገብ ላይ አይታይም።

ሆኖም ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ማየት ፍርድ ማጓደል ነው። የዛሬው ሰንሰለትም ነውር አለበት። ዕቃ ከአስመጪ ወደ አከፋፋይ፥ ከአከፋፋይ ወደ ጅምላ ነጋዴ፥ ከጅምላ ነጋዴ ወደ ሱቅ ሲተላለፍ በየእጁ ዋጋ ይጨመርበታል። አንዳንዱም ዕቃውን ደብቆ የዋጋ መወደድን ይጠብቃል። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፥ የተወደደው አዲስ የመጣው ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ አስቀድሞ በመጋዘን የነበረውም አብሮ ተወዷል። በብዛት የሚገዛ፥ ሚዛኑ የማይጎድል፥ ዋጋውን በግልጽ የሚለጥፍ ነጋዴ ቢመጣ ይህን ልማድ ሊያርም ይችላል፤ ይህንም ጥቅም መካድ አይገባም።

እንግዲህ ይቀናዋልን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ታላቅ አዳራሽ ሠርቶ፥ ዕቃውን በዶላር ከጅቡቲ እያስመጣ በብር ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ፥ የሌጎሱን ዕጣ እንዳያገኘው ያሠጋዋል። በተለይ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ የሩቅ መንገድ አለበት፤ ከአዲስ አበባ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. በዐባይ ላይ የተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ ለጭነት መኪና ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ታይቷል። መንገድ የተዘጋበት ቀን ለትንሹ ሱቅ ችግር ነው፤ ዕቃው ቶሎ ቶሎ ካልተመላለሰ ለማይኖረው ርካሽ መደብር ግን የሞት ያህል ነው።

ሁለተኛ መንገድ ግን አለ፤ በእኛ አስተያየትም የሚሻለው ይህ ነው። በሕንድ ሀገር መንግሥቱ ለትንንሽ ሱቆች ስለ ራራ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 የውጭ ነጋዴ በብዙ ዓይነት ዕቃ ችርቻሮ ሲገባ ድርሻው ከ51 በመቶ እንዳያልፍ፥ ክፍለ ሀገሩም እንዲፈቅድ ወሰነ። ዋልማርትም በዚያች ሀገር በስሙ የችርቻሮ መደብር ከመክፈት ይልቅ ለባለ ሱቆች በጅምላ የሚሸጥ መደብር ያዘ። እንዲሁ በእኛ ሀገር የውጭው ነጋዴ የብዛት ግዢን፥ የመጋዘንን፥ የሚዛንን ጥበብ ይዞ መጥቶ፥ ለሹም አቦው ባለ ሱቅ በርካሽ ቢያከፋፍል፥ ባለ ሱቁም ትንሹን መስፈሪያና ዱቤውን ይዞ ቢቀጥል፥ ሁለቱም ያተርፋሉ። የነጋዴው ርካሽነት በሲኒ ዘይት ለምትገዛው ሴት ሳይቀር ይደርሳል። ለዚህም ከአካባቢው መግዛት አለበት፤ የጎጃም እህል፥ የፎገራ ሩዝ፥ የሐይቁ ዓሣ ከዚሁ ሳለ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ለእርሱም አይበጀውም።

መንግሥትም የሚጠብቀው ነገር አለው። ታላቅ ነጋዴ ተፎካካሪውን ለመጣል ከወጪ በታች እየሸጠ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ዋጋ መጨመሩ የታወቀ ዘዴ ነው። አዋጅ ቍጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን ድርጊት ይከለክላል። የጀርመን የውድድር መሥሪያ ቤት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2000 ዋልማርትንና የሀገሩን ርካሽ መደብሮች ወተትና ስኳር ከወጪ በታች እንዳይሸጡ አዝዟል። ሕግ በወረቀት መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ የሚመዝን፥ የሚመረምር፥ የሚፈርድ ሰው ያስፈልገዋል። ባለ ሱቆችም በበኩላቸው በማኅበር ተባብረው በአንድነት ቢገዙ፥ ታላቁ ነጋዴ የሚያገኘውን ቅናሽ እነርሱም ሊያገኙ ይችላሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

በመጨረሻም ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባወራዎች ጥቂት ምክር እንጨምር። ዋጋ ስታነጻጽሩ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የኪሎውን ወይም የሊትሩን ዋጋ አስሉ፤ የመመላለሻውንም ወጪ ደምሩበት። የወር ዕቃ በብዛት መግዛት የምትችሉ፥ የሚከማቸውን ከርካሹ ቤት ብትገዙ ማንም አይነቅፋችሁም። ነገር ግን የዕለት የዕለቱን ከሰፈራችሁ ሱቅ በእጅ ገንዘብ ግዙ፤ በዱቤ የወሰዳችሁትንም ደመወዝ በተቀበላችሁበት ቀን ክፈሉ። በዚያ ሱቅ ደብተር ላይ ከእናንተ ስም በታች የተጻፉት ሰዎች ነገ ዘይትና ስኳር የሚያገኙት ዛሬ እናንተ በምትከፍሉት ገንዘብ ነውና።